በጉም ውስጥ የማልሁባት

ሞላሌ፣ ኅዳር 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ገብረ ክርስቶስ፣ መርሐ ቤቴ

አባ፣ በጨው ነጋዴው እጅ የላኩልኝ የማጽናኛ ደብዳቤ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ወዲያው ያልመለስሁት ቸል ብዬ አይደለም። ወረቀቱን እዘረጋና «እንደምን ሰነበቱ» እላለሁ፤ ከዚያ የራሴን ደኅንነት የምጽፍበት ቃል አጥቼ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ይቅር ይበሉኝ። «እርስዎ» ማለቱንም እጄ አልለመደውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ማልያ ስንጫወት «አንተ ፈረሱ፣ ሩጥ እንጂ!» እያልሁ የጮኽሁበትን ሰው ቆብ ስለጫነ ማክበር ለእኔ ቢጤ ተከላካይ ከባድ ነው። ካመለጠኝ ይታገሡኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎን፣ የጌታነሽ ሕመም አልቆየም። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው አረፈች። ሰማንያዋን አውጥተናል። ልጅ እንዳልሰጠን ያውቃሉ። እናቷ እማማ ጥሩሸዋ ከእኔ ዘንድ ናቸው፤ እሳቸው እንዝርታቸውን እኔ መጋዜን ይዘን፣ ሳንነጋገር ተፋጥጠን እንውላለን።

ስለ ቡድኑ የሰሙትም እውነት ነው። የቡድናችን የመብረቅ አሰልጣኝ በሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ። የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ጌጡ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጋሽ ትዕዛዙ፣ የድሮ ቡድንዎ ነው፤ ሰው እስኪገኝ ብቻ» አለኝ።

«ሐዘን ላይ ነኝ» ብለው፣

«ልጆቹም ሐዘን ላይ ናቸው እኮ፤ እሑድ አራት ገብቶባቸዋል» አለ።

ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከሳቅሁ በኋላ እንቢ ማለት አቃተኝ። እንግዲህ ተጠባባቂ አሰልጣኝ ነኝ። ቋሚ አይደለሁም፤ መሆንም አልሻም።

ግቡ ያው በጎረምሳነቴ የጠረብሁት ባሕር ዛፍ ነው። መረቡም ያው ነው። ጌታነሽ በየዓመቱ ከጥምቀት በፊት በበግ ጠጉር ፈትል ትጠግነው እንደነበር መቼም አይረሱትም። ለባና ብርድ ልብስ የሚሆነውን ወፍራሙን ነበር የምትመርጥለት። ኳስ ሲያርፍበት እንደ ገመዱ አይጮኽም፤ «ቡፍ» ነበር የሚለው። ዘንድሮ የሚጠግነው የለም።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ሙት ዓመቷን ካወጣሁ በኋላ እዚያ ለእኔ የሚሆን ቦታ ይገኛል? እንጨት ሥራ እችላለሁ፤ ዳዊት እደግማለሁ፤ ብዙ አልበላም። ደክሞኛል አባ።

የድሮ ተከላካይዎ
ትዕዛዙ

*

መርሐ ቤቴ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድሜ ትዕዛዙ፣

የአምላካችን ሰላም በቤትህ ይደር፤ ለእማማ ጥሩሸዋም ጉልበት ይስጥልኝ። እጅህ «እርስዎ» ማለት ካልለመደ የእኔም ጆሮ ገና አልለመደውም። አንዳንዴ ከኋላዬ ሰው ሲሮጥ ስሰማ ኳስ የመጣልኝ ይመስለኛል። ጌታነሽን በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ብዬ ጽፌአታለሁ፤ በየቅዳሴው እናስባታለን።

ቦታ ጠየቅኸኝ። ቦታስ አለ። ግን ቆብ ለደከመው ሰው ትራስ አይደለም። እዚህ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እንነሣለን፤ ውኃ የሚቀዳው ከገደሉ ሥር ነው። አምና አንድ ጡረተኛ «ልመንኩስ» ብሎ መጣና በሦስተኛው ቀን «አባ፣ የዕረፍቱ ሰዓት ስንት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በአራተኛው ቀን ስንቅ ቋጥረን ሸኘነው። አንተ በጨዋታ ዘመንህም ሲደክምህ ኳሱን አርቀህ ወደ ውጭ ትመታው ነበር። አሁን ደግሞ ራስህን ወደ ውጭ ልትመታ ነው የሚመስለኝ። እስከ ሙት ዓመቷ ጊዜ አለ፤ አስብበት።

ስለ ኳስ እዚህ አይወራም። ስለዚህ አራቱን ተከላካዮች በአንድ መስመር ታቆማለህ ወይስ እንደ ድሮው አንዱን ከኋላ ታስቀራለህ ብዬ አልጠይቅህም። የምትመልስልኝ ከሆነ ግን በሌላ ወረቀት አድርገው፤ ዋናውን ደብዳቤ አበ ምኔቱ ሊያዩት ይችላሉ።

አባ ገብረ ክርስቶስ

*

ሞላሌ፣ መጋቢት 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

አባ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። በሌላ ወረቀት ያሉኝ ከዚህ ጋር ታጥፏል። አንዱን ከኋላ አስቀራለሁ፤ ዘመኑ እንደማይወደው ግን ነግረውኛል።

አራት ቀን ሆነው፤ የምኩራብ ዕለት ከራቤል ጋር ተጫወትን። የራቤል ልጆች በጭነት መኪና ላይ ቆመው ነው የመጡት፤ ሲወርዱ ከንፈራቸው በብርድ ደርቋል። ሜዳው ላይ በጎች ነበሩ፤ ማባረሩ ራሱ የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ሆነ። ከዕረፍት በኋላ ጉም ከገደሉ መውጣት ጀመረ። የእኛን ጉም ያውቁታል፤ መጀመሪያ ዛፉን፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ አጠገብዎ የቆመውን ሰው ይወስዳል። ተመልካቹ ድምፅ ብቻ ሆነ። አንዱ «ኳሷ የት ናት?» ሲል ሌላው «አንተስ የት ነህ?» ይለዋል።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ወደሚቀጥለው ዙር አልፈናል። ስለ ጎሉ ሌላ ጊዜ።

እማማ ጥሩሸዋ ደኅና ናቸው። በዚሁ ሳምንት አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ መለስሁላቸው። የነፍስ አባቴን መምሬ ወሰኔን ላነጋግር ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አውርቼ ተመልሻለሁ። አጥሩ ደኅና ነው፤ ምንም አላለም።

አቶ ጌጡ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ከእንግዲህ ሰው አንፈልግም፣ ሰው አግኝተናል» አለኝ። እኔን ማለቱ ነው። እርስዎ ቦታዬን ይያዙልኝ እንጂ።

ትዕዛዙ

*

መርሐ ቤቴ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድሜ ትዕዛዙ፣

በሌላ ወረቀት የላክኸው ደርሶኛል። የቀኝ ተከላካይህ ወደ ፊት መውጣት አብዝቷል። ይብቃን።

ስለ ጉሙ ይህን ያህል ጽፈህ፣ ስለ ጎሉ «ሌላ ጊዜ» አልኸኝ። እኔ አጥቂ ነበርሁ ትዕዛዙ። ጎል አስቆጥሮ እንዴት እንደገባ የማይተርክ የሞላሌ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሰሞኑን አንድ የራቤል ሰው ለሱባኤ መጥቶ ነበር። ከየት እንደሆንሁ ሲሰማ «የእናንተ አሰልጣኝ በሟች ሚስቱ ማለ፤ እኛም አፋችንን ዘጋን» አለኝ። በክፋት አልነበረም ያለው፤ እንዲያውም እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዳዊቱን ስደግም አንተ ትመጣብኛለህ።

አልፈርድብህም። ቆቡ የፈራጅ ቆብ አይደለም። ግን ጻፍልኝ፤ ከእኔ በፊት ደግሞ ለመምሬ ወሰኔ ንገራቸው። አጥሩን ተወው።

አባ ገብረ ክርስቶስ

*

ሞላሌ፣ ግንቦት 21 ቀን 1994 ዓ.ም.

አባ፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። ምላሹን ከወዲያ ሆነው ይበሉልኝ፤ እሰማዎታለሁ።

ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ለመምሬ ነገርኋቸው። ለእርስዎ ለመጻፍ ግን ይህን ያህል ቆየሁ፤ የጻፉት ነገር ይቀመጣልና።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከራቤል ግብ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ርቄ ምንም ማየት ስለማልችል። አስቻለው የሚባለው አጥቂያችን መታ። በረኛቸው ወድቆ ፊቱ ጭቃው ውስጥ ነው። ኳሱ መረቡ ውስጥ ተገኘ። ግን በየት ገባ? በሁለቱ እንጨቶች መካከል ነው ወይስ በጎኑ ቀዳዳ? የመስመር ዳኛው ብርድ በርትቶበት ወደ ሻይ ቤት ሄዷል። ዋናው ዳኛ ከዘመሮ የመጣው መምህር ወንዳፈራሁ ከጉሙ ውስጥ እየሮጠ ወጣና «ማን አየ?» አለ። በጉሙ ያየ የለም። ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሽ ትዕዛዙ፣ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

የራቤሉ አሰልጣኝ ፈንታ «ለራሱ ልጆች ሊመሰክር! በግ ጠብቅ ተብሎ ለቀበሮ ይሰጣል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ሳቁ። ያ ሳቅ አናደደኝ መሰለኝ።

«ጌታነሽ ትሙት ገብቷል!» አልሁ።

አባ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አፌ የለመደው መሐላ ነው። በሕይወት ሳለች ስምልባት ትሰማና «ለአንድ ኪሎ ምስማር ስንት ጊዜ ነው የምትገድለኝ?» ትለኝ ነበር። የሞተች መሆኗን ያን ዕለት የሰማሁት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ፈንታ ለቅሶዋ ላይ ከራቤል ድረስ መጥቶ የተገኘ ሰው ነው። ኮፍያውን አወለቀ። «በእሷ ከማለ እንግዲህ ምን እላለሁ» ብሎ ልጆቹን ሰበሰበ። ወንዳፈራሁም ወደ መሐል ሜዳ ጠቆመ።

ኳሱ የገባው በቀዳዳው ነው። በግልጽ አይቼዋለሁ፤ እሷ ብትኖር ከጥምቀት በፊት በምትደፍነው ቀዳዳ።

እማማ ጥሩሸዋ ገበያ ላይ ሰሙ። ማታ እንዝርታቸውን አቁመው «ልጄን የጠራሃት ለእውነት ነው?» አሉኝ።

«አዎን እማማ።»

«እንግዲያማ ደግ። ስሟ ገና ይሠራል ማለት ነው» አሉና ፈትላቸውን ቀጠሉ። በዚያን ሰዓት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ከነሐሴ ወዲህ አይቼው አላውቅም። እንዴት አድርጌ መልሼ ልውሰድባቸው?

መምሬ ወሰኔ ስግደት ያዙብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ነገሩን ለባለቤቶቹ ነግረህ እስክትጨርስ ሜዳ ዳር ቃል አታውጣ። ያ አፍ ይረፍ» አሉ። ስግደት በቀለለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጨዋታ አድርገናል፤ በሦስቱም አፌን አልከፈትሁም። መጀመሪያ ልጆቹ ወደ እኔ እየሮጡ «ጋሽዬ፣ ምን እናድርግ?» ይሉ ነበር። አያቸዋለሁ፤ ያዩኛል፤ ይመለሳሉ። እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀመሩ። ሦስቱንም አሸነፉ። አሁን አገሩ ሁሉ «የትዕዛዙ ዝምታ ዘዴ ነው» ይላል። ባለፈው እሑድ ከመሐል ሜዳ ከተማ አንድ አሰልጣኝ መጥቶ፣ ኳሱን ትቶ እኔን እያየ ማስታወሻ ሲይዝ ዋለ። ምን እንደጻፈ እንጃለት።

ኮሚቴው ቋሚ አሰልጣኝ አድርጎ ሊሾመኝ ወስኗል። ደብዳቤው የሚሰጠኝ ለሰኔ ሚካኤል በስብሰባ ፊት ነው። ያስተዋሉት እንደሆነ የሚሾሙኝ ለሁለት ነገር ነው፤ ለሐሰቴና ለቅጣቴ። ቡድኑን አልወደውም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ባልወደው ባልከበደኝ። ግን በዚህ ወንበር ላይ እንዲህ ሆኜ ልቀመጥ? ብነግራቸው ደግሞ ልጆቹ የላባቸውን ያጣሉ፤ እማማም ልጃቸውን ሁለተኛ ይቀብራሉ።

ሙት ዓመቷን ሳልጠብቅ አሁኑኑ ብመጣስ? ከሰኔ ሚካኤል በፊት። የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነው፤ «ና» ይበሉኝ።

ትዕዛዙ

*

መርሐ ቤቴ፣ ሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ትዕዛዙ፣

አትምጣ።

ዓመት ቆይተህ፣ ፈልገህ፣ በእግርህ ብትመጣ በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ። ሸሽተህ ከመጣህ ግን ያ ጉም አብሮህ ይገባል፤ እዚህ ደግሞ የራሳችን ጉም በቂ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። በመጨረሻው ጨዋታዬ ያመለጠኝን ፍጹም ቅጣት ምት ታስታውሳለህ። ጉልበቴን አሞኝ ነው ብያችሁ ነበር። አንተ እንዲያውም ተሸክመኸኝ ከሜዳ ወጣህ፤ ጌታነሽ ጉልበቴን በቅቤ አሸችው። ጉልበቴ ደኅና ነበር። ፈርቼ ነው ያመለጠኝ። አሥራ አራት ዓመት ሆነው፤ አበ ምኔቱ ያውቃሉ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ የተሸከምኸኝ አንተ ግን አታውቅም ነበር። አሁን ጻፍሁልህ። ቀለለህ ወይ ብትለኝ፣ ትንሽ። ጠላኸኝ ወይ ብዬ ደግሞ እኔ እጠይቅሃለሁ።

መጀመሪያ ለእናቷ ንገር። ከዚያ ለሌላው።

ገብረ ክርስቶስ

*

ሞላሌ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1994 ዓ.ም.

አባ፣

አልጠላሁህም። ይኸው «አንተ» አመለጠኝ፤ አልሰርዘውም። ጀርባዬን ግን ሳምንት አሞኝ ነበር፤ ያኔም ቀላል ሰው አልነበርህም።

«ከነገርህ በኋላ ምን ሆነ?» ብለው በጨው ነጋዴው አፍ ላኩብኝ። ከመንገሩ ይልቅ መጻፉ ይከብደኛል፤ እንደ አመጣጡ ልበል።

መጀመሪያ ለእማማ ጥሩሸዋ ነገርኋቸው። የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው «ቀዳዳው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ሜዳ ድረስ ወሰድኋቸው። ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው ዙሪያውን ዳሰሱ፤ የእሷ ፈትል ጫፉ ተበጥሶ እዚያው ተንጠልጥሏል። ቤት ስንገባ አንድ ልቃቂት ፈትል እጄ ላይ አስቀመጡ። «እኔ ዓይኔ አያይም። አንተ ጠግነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንስተው አያውቁም። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም። ምሳ ግን አብረን እንበላለን።

ስፌቱ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጠማማ ነው። አናጢ የሰፋው መሆኑ ያስታውቃል።

ለሰኔ ሚካኤል በስብሰባው ፊት ተናገርሁ። የተባለውን ሁሉ አልጽፍልዎትም። አቶ ጌጡ ደብዳቤውን በሁለት እጁ እንደያዘ «ማኅተም ተመትቶበታል እኮ» አለ። መልሶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሽማግሌ ይዤ ራቤል ሄድሁ። ፈንታ ያለኝንም አልጽፍም፤ ይገባኝ ነበር። በመጨረሻ «እንጫወታለን። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ግብ» አለ። ኮሚቴዎቹም ተስማሙ፤ ያሸነፈ እንዲቀጥል፣ የተሸነፈ እንዲቀር።

ሰኔ 23 ቀን ተጫወትን። ጉም አልነበረም። አንድ እኩል ሆነን ማለቂያው ላይ ኳስ እኔ በቆምሁበት በኩል በዚያ ቀን የእኛ ልጆች ከሚጠብቁት፣ ከዚያው ከጠገንሁት ግብ ጎን ወጣች። የእኛ ልጆች «የእኛ ነው!» የእነሱም «የእኛ ነው!» ይጮኻሉ። ወንዳፈራሁ ከሩቅ ነበር። ሮጦ መጣና ቆመ። ወደ እኔ አየ። አባ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ እኔ።

«ጋሽ ትዕዛዙ፣ በማን ወጣች?»

ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ሜዳ ዳር ቃል አልወጣኝም ነበር። ጉሮሮዬ ዝጎ ነበር የከፈትሁት።

«በእኛ። የማዕዘን ምት ነው» አልሁ።

ሳያስምለኝ ወደ ማዕዘኑ ጠቆመ። ፈንታ ማዶ ቆሞ አየኝ፤ ኮፍያውን አላወለቀም፣ ግን ዞር አላለም። ከዚያች የማዕዘን ምት አገቡብን። ሁለት ለአንድ ተሸንፈን ከውድድሩ ወጣን።

አስቻለው ማልያውን እያወለቀ በአጠገቤ ሲያልፍ «ጋሽዬ፣ እንደ ወትሮው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ፤ ዞር አሉልኝ።

ስለ ሹመቱ የጠየቁኝን ደግሞ ልመልስ። ኮሚቴው ሰኔ 30 ተሰብስቦ ብዙ ተከራከረ። ግማሹ «ያዋረደን ሰው» አለ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ስለነበር እየገቡ መናገር ጀመሩ፤ ያሉትን አልሰማሁም፣ ውጭ ነበርሁ። በመጨረሻ አቶ ጌጡ ወጣና ያንኑ ደብዳቤ ከኪሱ አወጣው፤ ተጨማድዷል። «ጋሽ ትዕዛዙ፣ ተሸንፎ የሚሾም ሰው ደግ ነው፤ ከዚህ በታች አይወርድም» አለኝ። ፈረምሁ። ከእንግዲህ የመብረቅ ቋሚ አሰልጣኝ ነኝ። ደስ አለኝ አልልም፤ ድካሙም አልለቀቀኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ከቅዳሴ መልስ ሜዳውን ሳየው የት እንደምቆም አወቅሁ።

ቦታዬን ለሌላ ሰው ይስጡት። ነሐሴ 13 ሙት ዓመቷ ነው፤ አበ ምኔቱ ከፈቀዱልዎ ይምጡ። የቀኝ ተከላካዩንም ራስዎ ይነግሩታል፤ እኔን አልሰማኝ ብሏል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያቺ ሁለተኛዋ ጎል ስትገባብን እንደዚያን ጊዜው አጠገቧ ነበርሁ። በሁለቱ እንጨቶች መካከል ገብታ በጎን በኩል፣ እኔ የሰፋሁት ላይ አረፈች። «ቡፍ» አለች። ያዛት።

ትዕዛዙ